በጓ ብቻዋን አትመገብም

የታኅሣሥ ወር በሰሜን ሸዋ ደጋ የውድማ ወር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አንኮበር የሚወስደውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በዚያ ወራት የሄደ ሰው፣ በግራና በቀኝ ክምሩ ሲወቃ፣ ገለባው በነፋስ ሲበተን፣ ልጆችም ባና ተከናንበው በጎቻቸውን ከውድማው ዳር ሲመልሱ ይመለከታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ወር፣ ለጉብኝት በሄድንበት በአንድ መንደር ያጋጠመን ነገር እስከ ዛሬ ከኅሊናችን ስላልወጣ፣ ለምእመናንና በተለይም በየገጠሩ ለሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናካፍለው ወደድን። ነገሩ ስለ አንዲት በግ ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ቢታያችሁም ጥቂት እንድትታገሡን እንለምናለን።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው፣ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉ እናት ነበሩ። ሀብታቸው ሰባት በጎችና አንዲት ላም ናት። ከበጎቹ መካከል ያረገዘችው አንዲቱ ሌሊት ከጉረኖው አምልጣ፣ ከተወቃው የገብስ ክምር ላይ ስትበላ አደረች። ሲነጋ ሲያገኟት ግራ ጎኗ ተነፍቶ፣ ጥርሷን እያፋጨች፣ ራሷን ዘቅዝቃ ቆማለች፤ አታመነዥክም። እኛም ከጥቂት ሳምንታት በፊት ታመን ስለ ነበር፣ ከታዘዘልን መድኃኒት የተረፈ ቴትራሳይክሊን በቦርሳችን ውስጥ ነበረ። (መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ሳንወስድ ማስተረፋችን ራሱ ጥፋት ነው፤ ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።) «ጀርም የሚገድል መድኃኒት ነው፤ ባይጠቅማት ምን ይጎዳታል?» ብለን ሁለት እንክብሎችን ፈትተን፣ በውኃ በጥብጠን አጠጣናት። በማግስቱ መቆም ተሳናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከነግልገሏ ሞታ ተገኘች።

እናታችን አልተቀየሙንም። «አባ፣ ምን ያደርጉ፤ በቅን ልብ ነው ያደረጉት» አሉን። ይህን ያሉት ሊያጽናኑን ነው፤ ነገር ግን መንገዱን ሁሉ ስንመለስ ያሰብነው ይህንኑ ቃላቸውን ነበር። በእውኑ ቅን ልብ ይበቃልን? ለሌላው ሰው መልካም አስቦ በማያውቀው ነገር ላይ እጁን የሚዘረጋ ሰው፣ ጥፋት ቢደርስ ከተጠያቂነት ነፃ ነውን?

ስለ በግ ለመጠየቅ ከደብረ ብርሃን የተሻለ ከተማ መፈለግ አያስፈልግም። በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ የታወቀች ናት፤ የበግ ማርቢያና የምርምር ጣቢያም አላት፤ ዓለም አቀፍ ተመራማሪዎችም በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የመንዝንና የሆሮን በጎች ትላትልን በመቋቋም ረገድ ሲያወዳድሩ የቆዩት በዚያው ነው። በከተማው ያገኘነው አንድ የእንስሳት ሐኪም ነገሩን ስናጫውተው አልሳቀብንም፤ አልገሠጸንምም። «አባ፣ የሰጧት መድኃኒት የሚገድለው እኮ እርሷን የሚያኖሯትን ነው» ብቻ አለን። ቃሉ ስላልገባን እንዲያብራራልን ለመንነው። ከዚያ በኋላም መጻሕፍትን እያገላበጥን ነገሩን ተከታትለነዋል። ያገኘነውን እነሆ።

የኦሪት ሕግ ንጹሕ የሚባለውን እንስሳ ከሚለይባቸው ምልክቶች አንዱ ማመስኳት መሆኑን አንባብያን ታውቃላችሁ። በግ፣ ፍየልና የቀንድ ከብት የዋጡትን መልሰው እያወጡ ያመሰኳሉ። ይህን የሚያደርጉበትን ምክንያት ግን ብዙዎቻችን ጠይቀን አናውቅም። የሣርና የጭድ አካል በአብዛኛው የተሠራው ሴሉሎስ ከሚባል ነገር ነው። ሴሉሎስን ለመፍታት የሚያስፈልገውን ኢንዛይም ደግሞ በጓ በራሷ አካል አትሠራም። እኛም አንሠራም፤ አንበሳም አይሠራም፤ ላምም አትሠራም። ሣር በልታ የምትኖረው በግ፣ ሣርን ለመፍጨት የሚያስችል የራሷ መሣሪያ የላትም ማለት ነው! ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነበር፤ ከልጅነታችን ጀምሮ በጎች መካከል ያደግን ስንሆን በግ ሣር ትፈጫለች እንጂ ሌላ ታፈጭበታለች ብለን አስበን አናውቅምና።

ሥራው የሚሠራው ጨጓራው ውስጥ ነው። ጨጓራው ከአራቱ የሆድ ክፍሎች ትልቁ ሲሆን፣ እንደ ጠላ ጋን ያለ መጥመቂያ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ሙቀቱ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ይጸናል፤ አየር አይገባበትም ለማለት ይቻላል፤ ዘወትርም ይታመሳል። ከዚህ ከፈርሱ ጭማቂ አንድ ሚሊ ሊትር ቢወሰድ ከ10 ቢሊዮን የማያንሱ ባክቴርያዎች ይገኙበታል። በአንድ የሻይ ማንኪያ ውስጥ ያሉት ብቻ በምድር ላይ ከሚኖረው የሰው ልጅ ቁጥር ይበልጣሉ። ከእነርሱም ጋር ከባክቴርያ የሚተልቁ ፕሮቶዞአ የሚባሉ ተሐዋስያንና ረቂቃን ፈንገሶች አሉ። ፕሮቶዞአዎቹን ግሩቢና ደላፎን የተባሉ ሊቃውንት በ1843 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ አገር ገልጠው አሳይተዋል። ባክቴርያዎቹ ግን አየር ሲነካቸው ስለሚሞቱ ለረጅም ጊዜ ከምርምር አምልጠው ኖረዋል። ሮበርት ሀንጌት የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ አየር በሌለበት ጠርሙስ ውስጥ የሚያረባበትን ዘዴ በ1940ዎቹ ካበጀ በኋላ ነው ማንነታቸው እየተለየ የመጣው።

እነዚህ ረቂቃን ሣሩን ፈትተው ለራሳቸው ኑሮ ይጠቀሙበታል፤ የእነርሱ ትርፍ የሆነው አሲድ ግን ለበጓ ምግብ ነው። ከአሲዶቹ አንዱ በኮምጣጤ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ሌላው ስሙን እንኳ ከቅቤ የወሰደ፣ የበሰበሰ ቅቤ የሚሸት ነው። በጓ ለመሄድ፣ ለመሞቅ፣ ጠጕር ለማብቀል፣ ግልገሏን ለማጥባት ከምታገኘው ኃይል ከመቶ 70 እጅ ያህሉ ከእነዚሁ አሲዶች ይመጣል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ባክቴርያዎቹ ራሳቸው ከፈርሱ ጋር እየታጠቡ በሽንፍላው በኩል አልፈው ወደ አራተኛው ክፍል ሲደርሱ፣ በዚያ ባለው የበጓ የራሷ አሲድ ይሞታሉ፤ ሥጋ ለሆድ እንደሚፈጭ ይፈጫሉ። ከሚያስፈልጋት ፕሮቲን ከግማሽ የሚበልጠው ከእነርሱ አካል ይገኛል። ቢ የሚባሉትን ቪታሚኖችም ያመርቱላታል።

እኛን ከሁሉ ያስገረመን ግን የሚከተለው ነው። በጓ በሽንት ሊወጣ ከሚችለው ዩሪያ ከፊሉን በምራቋና በጨጓራዋ ግድግዳ በኩል ወደ ጨጓራዋ ትመልሰዋለች። ባክቴርያዎቹም ያን ጥራጊ ተቀብለው ፕሮቲን አድርገው ይሠሩታል። ገበሬ ፍግ ወደ ማሳው እንደሚመልስ ማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሣሩ ሁሉ ደርቆ፣ የገብስ ጭድ ብቻ በቀረ ጊዜ፣ የመንዝ በግ በሕይወት እንድትቆይ ከሚረዷት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። ባለቤቱ «በጌ ጠንካራ ናት» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጥንካሬዋ ግን የእርሷ ብቻ አይደለም።

በጓም ከጎኗ የምታበረክተው አለ። ታኝክላቸዋለች፤ ቤት ትሰጣቸዋለች፤ ታሞቃቸዋለች። ስታመነዥክ የሚፈስሰው ምራቋ በውስጡ ሶዳ የመሰለ ነገር ስላለው፣ እነርሱ የሚያመርቱት አሲድ መልሶ እንዳያቃጥላቸው ያበርደዋል። ስለዚህ በግ ተኝታ ስታመነዥክ ሥራ ፈትታ ተቀምጣለች የሚል እረኛ ተሳስቷል። እርግጥ በዚህ ልውውጥ የሚባክንም አለ፤ በጓ ከምትበላው ኃይል ከመቶ ከ2 እስከ 12 የሚሆነው ሚቴን ወደሚባል ጋዝ ተለውጦ በግሳት ይወጣል። ይህ ጋዝ የዓለምን ሙቀት ከሚጨምሩት አንዱ ነው። ዝምድናው እንከን የሌለበት ነው አንልም።

ወደ ገብሱ እንመለስ። የጭድ ሴሉሎስ የሚፈታው በዝግታ ነው፤ የገብስ ስታርች ግን እንደ ደረቅ ገለባ እሳት ፈጥኖ ይያያዛል። ገብስ ያልለመደች በግ ብዙ ገብስ በአንድ ጊዜ ስትበላ፣ ቀድሞ በቁጥር ጥቂት የነበሩ ላክቲክ አሲድ አምራች ባክቴርያዎች በሰዓታት ውስጥ ይበዛሉ። አሲዱ ምራቁ ሊያበርደው ከሚችለው መጠን ያልፋል። በዚህ ጊዜ ሣር ፈቺዎቹ ይሞታሉ፤ የጨጓራው ግድግዳ ይቆስላል፤ ውኃም ከደሟ ወደ ጨጓራዋ ይሳባል። ስለዚህ ሆዷ በውኃ ተሞልቶ ሳለ ሰውነቷ በጥማት ይደርቃል። ብዙውን ጊዜ ይህ ብቻውን ለመግደል ይበቃል።

እንግዲህ እኛ በዚያች ጠዋት ምን አደረግን? ሐኪሙ እንዳስረዳን፣ ዐዋቂ የሆነ ሰው አሲድ አምራቾቹን ለመግታት የተለየ መድኃኒት በልክ ሊሰጥ ይችላል። እኛ ግን ብዙ ዓይነት ባክቴርያዎችን ያለ ልዩነት የሚመታውን ቴትራሳይክሊን፣ ያለ ልክ፣ የተረፉት ጥቂት ሣር ፈቺዎች እየተፍጨረጨሩ ባሉበት ጨጓራ ውስጥ አፈሰስን። በጓን የገደላት እንክብሉ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ገብሱም ሊገድላት ይችል ነበር። የመዳን ዕድሏን እንዳጠበብነው ግን አንጠራጠርም።

«ታዲያ ምን ይደረግላት ነበር?» ብለን ጠየቅነው። አሲዱን የሚያበርድ ነገር ይሰጣታል፣ ከባድ ከሆነም ጨጓራው ይታጠባል አለን። ከዚያ በኋላ የተናገረው ግን ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ነካው። ጤነኛ በግ በሚታረድበት ቦታ ትኩስ ፈርስ ተወስዶ፣ በጨርቅ ተጨምቆ፣ ሳይበርድ ለታመመችው ይጠጣል። በጨጓራዋ ውስጥ የጠፋው ሕይወት ከሌላይቱ በግ ይተካል ማለት ነው። ይህ በዓለም ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች የሚያውቁት የቆየ ሕክምና ነው።

ይህን ስንሰማ ወደ አእምሯችን የመጣው የእናቶቻችን እርሾ ነው። እርሾዋ የተበላሸባት ባለቤት ምን ታደርጋለች? ወደ ጎረቤት ልጇን ትልካለች፤ ጎረቤቲቱም ከቡሐቃዋ ጥቂት ቀድታ ትሰጣታለች። እርሾ ለማበደር ማን ይሳሳል? የተሰጠው ነገር ሰጪዋን ሳያጎድል ተቀባይቱን ይሞላልና። በወይራ የታጠነው የወተት ዕቃም ከትናንቱ እርጎ የቀረው ጠብታ የዛሬውን ወተት ያረጋዋል። ሴቶቻችን በዐይናቸው ያላዩትን ሕይወት ለዘመናት ሲጠብቁ፣ ሲያዋርሱና ሲያበድሩ ኖረዋል። እኛ ደግሞ የተማርን ነን ባዮቹ ስለ ጀርም በትምህርት ቤት የሰማነው መግደያውን ብቻ ነበር።

በጓም ብትሆን ይህን እርሾ የምትቀበለው ከእናቷና ከመንጋዋ ነው። ግልገል ሲወለድ ጨጓራው ትንሽና ሥራ ያልጀመረ ነው፤ የሚጠባው ወተት ጨጓራውን አልፎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ክፍል ይወርዳል። እናቱ ስትልሰው፣ ጡቷን ሲይዝ፣ ከአፏ የወደቀውን ሣር ሲቀማምስ ረቂቃኑ ወደ እርሱ ይተላለፋሉ። ከተወለደ ጀምሮ ከሌሎች በጎች ተለይቶ ያደገ ግልገል በጨጓራው ውስጥ ፕሮቶዞአ እንደማይኖሩት ተረጋግጧል፤ የሚተላለፉት በምራቅና አብሮ በመኖር ነውና። እንገሩም በዚሁ ረገድ ታላቅ ነገር ነው። በጎች በሽታን የሚከላከለውን ኃይል በማሕፀን ሳሉ ለልጃቸው አያስተላልፉም። ግልገሉ ይህን የሚያገኘው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሚጠባው እንገር ብቻ ነው። ስለዚህ እንገሩን አልቦ መድፋት ወይም ለሌላ ማዋል ግልገሉን ባዶ እጁን ወደ ጦርነት መላክ ነው።

ይህን ከተናገርን ዘንድ፣ ከበጉ ወደ ሰው ልጅ አንድ እርምጃ ብንሻገር ይቅርታ ታደርጉልናላችሁ። በአገራችን በብዙ ቦታ አራስ እናት የመጀመሪያውን ቢጫማ ጡት «ቆሻሻ ነው» ብላ ትደፋዋለች፤ ለሕፃኑም ቅቤ ታስልሰዋለች። የሚደረገው በፍቅር እንደ ሆነ እናውቃለን። ነገር ግን በእናት ወተት ውስጥ ሕፃኑ ራሱ ሊፈጨው የማይችል የስኳር ዓይነት በብዛት አለ። ከላክቶስና ከስብ ቀጥሎ በወተቱ ካሉት ጠጣር ነገሮች ሦስተኛውን ቦታ የያዘ ነው። ሕፃኑ የማይፈጨው ከሆነ ለምን ተዘጋጀ? በሕፃኑ አንጀት ውስጥ ለሚኖሩት ቢፊዶባክቴርያ ለተባሉት ምግብ ነው። እናት ልጇን ስታጠባ በልጇ ውስጥ ያሉትን እንግዶችም አብራ ታጠባለች። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለክርስትና ዝግጅት ወደ አራሶች ቤት በምትሄዱበት ጊዜ ስለ እንገር ሁለት ቃል ብትናገሩ፣ ከተጠራችሁበት ሥራ የወጣችሁ አይመስለንም።

ይህ ዝምድና በቤት እንስሳት ብቻ የተወሰነ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ ጓሣ የወጣ ሰው፣ በጎች በሚግጡበት አምባ ጭላዳዎችም በመቶ እየሆኑ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ያያል። ጭላዳ በዝንጀሮ ወገን ሆኖ ሳለ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተ ብቸኛ ፍጥረት ነው። አያመነዥክም፤ እንደ በግ ያለ ጨጓራም የለውም። ሣሩን የሚፈቱለት በኋለኛው አንጀቱ ያሉት ባክቴርያዎች ናቸው። በሰሜን ተራሮች ባሉ ጭላዳዎች ላይ የተደረገና በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በክረምት እርጥብ ሣር ሲበዛ ሣር የሚፈቱት ባክቴርያዎች ይበረክታሉ፤ በበጋ ጭላዳው ሥራሥር ቆፍሮ መብላት ሲጀምር ደግሞ ስታርች ለመፍታት የሚስማሙት ይበዛሉ። ጭላዳው ልብሱን አይለውጥም እንጂ ሎሌዎቹን እንደ ወራቱ ይለውጣል።

በቆላው ለመኖ የሚተከለው ሉኪንያ ታሪክም መነገር ይገባዋል። ቅጠሉ ጥሩ መኖ ቢሆንም ሚሞሲን የተባለ መርዝ አለበት። በአውስትራሊያ ይህን ቅጠል አብዝተው የበሉ ከብቶች ጠጕራቸው ይረግፍ፣ እንቅርትም ያወጡ ነበር። በሃዋይ ደሴቶች ያሉ ፍየሎች ግን ያንኑ በልተው ምንም አይሆኑም። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ ልዩነቱ በቅጠሉም በፍየሉም ሳይሆን በሆዳቸው ባለው ባክቴርያ እንደ ሆነ ገመተ። በ1980ዎቹም ከሃዋይ ፍየል የተወሰደውን ወደ አውስትራሊያ ከብቶች አሻገሩት፤ ከብቶቹም ቅጠሉን በልተው ጤና ሆኑ። ባክቴርያው በ1992 እ.ኤ.አ. በእርሱ ስም ሲነርጂስቲስ ጆንሲ ተብሎ ተሰየመ። አንዱ ቅጠል ለአንዱ መርዝ፣ ለሌላው እንጀራ የሆነው አብሮት በሚኖረው ምክንያት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አስተዋይ አንባቢ ሊቃወመን ይችላል። «አባ ሰንጋም ባክቴርያ ነው፤ የሳንባ ነቀርሳም ባክቴርያ ነው፤ ከብት የሚያስወርደውም እንዲሁ። እናንተ ደግሞ ልታመሰግኗቸው ነው?» ቢለን ልክ ነው። ሮበርት ኮክ በ1876 የአባ ሰንጋን፣ በ1882 እ.ኤ.አ. ደግሞ የነቀርሳን ምክንያት ገልጦ ባያሳይ ኖሮ ስንቱ ሰው በከንቱ ባለቀ ነበር። ፀረ ባክቴርያ መድኃኒት በጊዜው፣ በልኩና በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰድ ሕይወት ያድናል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው ካለ እኛን አልተረዳንም።

ደግሞም ሌላ ነገር አለ። ባክቴርያው ለበጓ ብሎ አይሠራም። አያውቃትም፤ አይወዳትም፤ ለራሱ ይኖራል፤ ቢመቸውም ይበዛል። አሲድ አምራቹ በገብሱ ጊዜ ያደረገው ሣር ፈቺው ከሚያደርገው በባሕርዩ የተለየ አይደለም፤ ሁለቱም ያገኙትን ይበላሉ። ሐሳብ ለሌለው ነገር ምስጋና ይገባል ወይ ተብለን ብንጠየቅ፣ ለባክቴርያው ውለታ አለብን ማለት ቃልን ያለ ቦታው ማዋል ይመስለናል። ዕዳ ያለብን ለሰው ነው፤ በሌላ መንገድም በእጃችን ላለው እንስሳ። ነገር ግን የበጓን ደኅንነት እንጠብቃለን እያልን የምትኖርበትን ነገር ከናቅን፣ የጠበቅነው ቆዳዋን ብቻ ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2015 እ.ኤ.አ. በጻፉት «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው በ34ኛው ቁጥር ፈንገሶችን፣ ትላትሎችንና ረቂቃን ተሐዋስያንን ሳይቀር ለፍጥረት ሥርዓት አስፈላጊ ብለው መጥቀሳቸው ቀድሞ ስናነበው እንደ ዝርዝር አልፈነው ነበር። በጓ ከሞተች በኋላ ግን መልሰን አነበብነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንምጣ። ቅዱስ ቶማስ አኲናስ ሰው ሊያውቀው የማይችለውን ወይም የማይገደድበትን ነገር አለማወቁን፣ ሊያውቀው ከሚችለውና ከሚገባው ነገር አለማወቅ ይለያል፤ ኋለኛው ከቸልተኝነት ሲመጣ ጥፋት ነው። በዚህ ሚዛን ራሳችንን ስንመዝን፣ የጨጓራን ምስጢር አለማወቃችን ጥፋት አይደለም፤ ማንም የእንስሳት ሕክምና ተማሩ ብሎ አላዘዘንም። ጥፋታችን አለመጠየቃችን ነው። የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ያለበት ቀበሌ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር። አንድ ልጅ ብንልክ በቀትር በደረሰ ነበር። እኛ ግን ቦርሳችን ቅርብ ስለ ነበረ ቦርሳችንን ከፈትን።

ከዚህም የሚከብድ አንድ ነገር አለ። መንደርተኛ ያንን እንክብል ላጠጣት ቢል፣ እናታችን «ተው፣ ይህ የሰው መድኃኒት ነው» ይሉት ነበር ብለን እናምናለን፤ ብልህ ሴት ናቸውና። ለእኛ ግን ዝም አሉን። ዝም ያሉን ስላመኑን ነው፤ ያመኑን ደግሞ ስለ በግ በምናውቀው ነገር ሳይሆን በለበስነው ልብስ ነው። ባልተሰጠን ዕውቀት ላይ የተሰጠንን ክብር ጨመርንበት። ካህንም ሆነ የትምህርተ ክርስቶስ መምህር በገጠር ስለ ሁሉም ነገር ይጠየቃል፤ ስለ ዘር፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ክርክር፣ ስለ ልጅ ትዳር። «ይህን አላውቅም፤ የሚያውቀውን እንጠይቅ» ማለት ክብርን የሚያሳንስ ይመስለናል። እኛም በዚያች ጠዋት እንዲሁ መስሎን ነበር።

ስለ ተረፈው መድኃኒት እንመለሳለን ብለን ነበር። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. በኖቤል ሽልማት ንግግሩ ላይ፣ መድኃኒቱን ከመጠኑ አሳንሶ የሚወስድ ሰው ጀርሙን ሳይገድል መቋቋምን ሊያስተምረው እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። የፈራው ደርሷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሞቱት መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴርያዎች ምክንያት እንደ ሆነ ተገምቷል። በገበያ ቀን ቴትራሳይክሊን እንደ ጨው በጉልት ገዝቶ ለልጁም ለበጉም የሚሰጥ፣ እንደ እኛም ያስተረፈውን ለጎረቤት የሚያካፍል፣ ሁለቴ ይበድላል፤ የሚያኖሩትን ይገድላል፣ የሚገድሉትን ያጠነክራል።

በተከታዩ ወር ከደብረ ብርሃን ገበያ አንዲት ያረገዘች የመንዝ በግ ገዝተን ወደዚያ መንደር ተመለስን። እናታችን በመጀመሪያ አልቀበልም ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ስለ ጨጓራው የሰማነውን ስናጫውታቸው ተቀመጡ፤ ልጆቻቸውንም ጠርተው አስቀመጧቸው። እርሾውን ስንናገር ሣቁ። ገብስም መስጠት ካስፈለገ በእፍኝ እየተጀመረ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እንዲጨመር፣ ጭዱም እንዳይቋረጥ ሐኪሙ ያዘዘውን ነገርናቸው። «እንዲህማ ከሆነ አዲሲቱን ዛሬውኑ ከእነዚያ ጋር ላሳድራት፤ ይለማመዱ» ብለው ወደ ጉረኖው ወሰዷት።

ሲመለሱም ጠየቁን፤ «አባ፣ የቀሩትን ኪኒኖች ምን አደረጓቸው?»

በቦርሳችን ውስጥ ነበሩ። በማግስቱ ለጤና ጣቢያው አስረከብናቸው።